ልጃችን እኛ የማንሰማውን ድምፅ ሲሰማ

ሰው ነፍስና ሥጋ ተዋሕደውለት የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ ነፍሱ ስትታወክ ሥጋው ዝም አይልም፤ ሥጋው ሲታመምም ነፍሱ ከሕመሙ ነጻ ሆና አትቀመጥም። ይህን እውነት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምረን በቤተ ክርስቲያን ስንማረው ኖረናል። ነገር ግን መከራው ወደ ቤት በገባ ጊዜ ትምህርቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የልጅ እግር ቢሰበር ወጌሻ ወይም ሐኪም ይፈለጋል፤ ወባ ቢይዘው ደሙ ይመረመራል። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ግን ከሰው ተለይቶ ሲቀመጥ፥ ምግብ ሲጠላ፥ ቀጥሎም ማንም ያልተናገረውን ቃል «ሰማሁ» ሲል፥ ያን ጊዜ ሥጋ ያለው መሆኑ ይረሳል። አንዱ «ሰነፈ» ይላል፤ ሁለተኛው «ጋኔን ያዘው» ይላል፤ ሦስተኛውም ልጁ በራሱ ላይ የሚናገረውን የክስ ቃል እንደ እውነተኛ ኑዛዜ ቈጥሮ፥ ምን በደል ሠርቶ ይሆን እያለ ይመረምረዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለወላጆች ልናሳስብ የምንወደው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ብርቱ ኀዘን በተጫነው ልጅ ላይ የሚመጣው ከሳሽ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሕመም ድምፅ እንጂ በልጁ ሥራ ላይ የቆመ ምስክር አለመሆኑን፥ ሕመሙም በአንጎልና በዕጢዎች ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ያለው፥ የሚታከምም መሆኑን ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ዕጢ የሚባሉ ታናናሽ ብልቶች አሉ። ከእነርሱ ወጥቶ ወደ ደም የሚገባው ረቂቅ ነገር ሆርሞን ይባላል። ስሙን በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፥ ማነሣሣት ማለት ነው። ስሙ ለግብሩ የተገባ ነው፤ ሆርሞን ከአንድ ብልት ተነሥቶ በደም ጐዳና ወደ ሩቅ ብልት የሚላክ መልእክተኛ ነውና።

ጉርምስናም የሚጀምረው በዚሁ መልእክተኛ ነው። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል ትእዛዝ ይወጣል፤ ትእዛዙን በአንጎል ሥር ያለች የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ትቀበላለች፤ እርስዋም በተራዋ የወንዱን ወይም የሴቲቱን የዘር ዕጢ ትቀሰቅሳለች። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በልጃገረዶች ከ8 እስከ 13 ዓመት፥ በወንዶች ልጆች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ወላጅ በዐይኑ የሚያየው ቁመት ሲመዘዝ፥ ድምፅ ሲጐረንን፥ ጢም ሲያቀመቅም ነው። በዐይን የማይታየው ግን አንጎሉም በዚያው ዘመን እንደ ገና እየተሠራ መሆኑ ነው፤ ይህም ሥራ ልጁ 20 ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ገና አይፈጸምም። የእንቅልፉ ሰዓት ሳይቀር ይለወጣል፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን በጐረምሳ ሰውነት ውስጥ ከሕፃንነቱ ጊዜ ይልቅ አምሽቶ ይመጣል። ስለዚህ ማታ አምሽቶ የሚተኛ፥ ጧት ለመነሣት የሚቸገር ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

ይህ ዘመን የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምርበት ዘመን ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሲሦ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ እንደሚጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ድብርት በሕፃንነት ዘመን በወንድና በሴት ልጆች ላይ በእኩል ሲገኝ፥ ከጉርምስና በኋላ ግን በልጃገረዶች ላይ እጥፍ ያህል ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ለጭንቅ ጊዜ የተሰጠ ስንቅ ነው፤ ሰው አደጋ ሲደርስበት ስኳርን ወደ ደም አውጥቶ ኀይል የሚሰጠው እርሱ ነው። በጤነኛ ሰው ዘንድ ኮርቲዞል ጧት ከፍ ይላል፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ጭንቁም ባለፈ ጊዜ አንጎል ትእዛዝ ሰጥቶ ዕጢውን ያሳርፈዋል። በብርቱ ድብርት ከተያዙት ሰዎች በብዙዎቹ ግን ይህ ልጓም ይላላል፤ አደጋ ሳይኖር ሰውነት አደጋ እንዳለ ሆኖ ቀንና ሌሊት ይጠብቃል። ይህም የልጓም መላላት ይበልጥ የሚገኘው ድብርቱ የሌለ ድምፅ ከመስማትና ከሐሰት እምነት ጋር በተባበረ ጊዜ መሆኑን ሐኪሞች በምርመራ አይተዋል። አላን ሻትስበርግ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ሐሳብ ሲያቀርቡ፥ የበዛው ኮርቲዞል በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ሊያነሣሣው ይችላል ብለዋል። ዶፓሚን አእምሮ ይህ ቁም ነገር ነው፥ ያ ግን ከንቱ ነው ብሎ እንዲለይ ከሚረዱት አንዱ ነው። ልኩን ባለፈ ጊዜ አእምሮ ከንቱውን ነገር ሁሉ ትርጉም ይሰጠዋል፤ የበር መንኳኳት ዛቻ፥ የጎረቤት ሳቅ ስድብ፥ የራስ ሐሳብም የሌላ ሰው ድምፅ ይሆናል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ሳይኮሲስ ይሉታል።

ሆርሞን የሰውን አእምሮ ሊያናውጥ እንደሚችል የታወቀው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ሃርቪ ኩሺንግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ በ1912 እ.ኤ.አ. ገለጠ፤ በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች ኮርቲዞል ከመጠን በላይ ስለሚፈስባቸው ፊታቸው ይሞላል፥ ብዙዎቹም በድብርት ይያዛሉ፥ አንዳንዶቹም የሌለ ነገር ያያሉ ወይም ይሰማሉ። ዳግመኛም በ1948 እ.ኤ.አ. ኮርቲዞን የተባለው የዚሁ ሆርሞን ወገን በአሜሪካ አገር ለቁርጥማት ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድኃኒትነት ተሰጠ፤ የደከሙበትም ሊቃውንት ፊሊፕ ሄንች፥ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎስ ራይክስታይን በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። መድኃኒቱ ለብዙዎች በረከት ሆኖ ሳለ፥ ከሚወስዱት መካከል አንዳንዶቹ እንቅልፍ አጡ፤ አንዳንዶቹም ድምፅ መስማት ጀመሩ፤ መጠኑ በተቀነሰ ጊዜ ግን አብዛኞቹ ወደ አእምሮአቸው ተመለሱ። እንዲሁም ሪቻርድ አሸር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. የአንገታቸው ዕጢ ስለ ደከመ አእምሮአቸው የታወከ 14 ሕመምተኞችን ታሪክ ጽፎአል፤ የጐደላቸው የዕጢው ሆርሞን በተሰጣቸው ጊዜ አብዛኞቹ ድነዋል። የእነዚህ ሰዎች እምነታቸውም ምግባራቸውም አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው በደማቸው ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን ነው።

ይህን ስንል ነገሩን ሁሉ በዕጢ ላይ እንጥላለን ማለት አይደለም። ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ የወላጅ ሞት፥ ድብደባ፥ በትምህርት ቤት የሚደርስ ውርደት አለ፤ ጫትና ሐሺሽም ለዚህ ሕመም በር ይከፍታሉ። ኮርቲዞልን በደም ለክቶ ብቻ ይህ ድብርት ነው፥ ያ አይደለም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ሐኪሙ የአንገት ዕጢን ሥራ፥ የደም ማነስንና ሌላውንም የሥጋ በሽታ መርምሮ መለየት ስለሚገባው፥ ምርመራው ከንቱ ወጪ አይደለም።

በሃይማኖት ባደገ ቤት ውስጥ ይህ ሕመም የሃይማኖትን ቃል ይናገራል፤ ስለዚህም ለወላጅም ለካህንም ለመለየት ያስቸግራል። ከድብርት ጋር የሚመጣው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሳሽ ነው፤ ልጁን «አንተ የተረገምህ ነህ፥ ምሕረት የለህም፥ ብትሞት ይሻላል» ይለዋል። ልጁም ያልሠራውን ኀጢአት ሠራሁ ይላል፤ ወይም በሕፃንነቱ የሠራትን ታናሽ ጥፋት አንሥቶ ለቤተ ሰቡ መከራ ሁሉ ምክንያት እኔ ነኝ ይላል። አንዳንዱም ሰውነቴ በውስጥ በስብሶአል፥ እኔ ሙት ነኝ እስከ ማለት ይደርሳል።

በማኅበር ከምናውቃት አንዲት እናት ቤት የሆነውን ለምሳሌ እንናገር። የ15 ዓመት ልጅዋ በትምህርትዋ የታወቀች፥ በሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምር ነበረች። አያትዋ ከሞቱ በኋላ ዝምታ አበዛች፤ ቀጥሎም ሌሊት ሌሊት ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ውኃ ጠጥታ መቍረብዋን አስታውሳ፥ አያትዋን የገደለች ይህች ጥፋትዋ መሆንዋን ከጣራው በላይ አንድ ሰው እየደጋገመ እንደሚነግራት ለእናትዋ ገለጠች። እናትዋም ወደ ነፍስ አባታቸው ወሰደቻት። አባ ልጅቱን ሰምተው፥ ጸልየው ፈቱአት። በማግሥቱ ያንኑ ይዛ ተመለሰች፤ ፈቱአት። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ያን ጊዜ እናትዋን ለብቻዋ ጠርተው እንዲህ አሉአት፦ «ልጄ፥ ንስሐ የገባ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል፤ የዚህች ልጅ ሸክም ግን በተፈታች ቍጥር ይብሳል። ይህ የኀጢአት ነገር አይደለም፤ ሕመም ነው። እኔ ጸሎቴን አልተውም፤ አንቺ ደግሞ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ውሰጃት።» እናትዋ «አባቴ፥ እብድ ትባልብኛለች» ብላ አለቀሰች። እርሳቸውም «መባሉ ያልፋል፤ ልጅቱ ግን እንዳታልፍብሽ» ብለው መለሱላት።

የእኒህ አባት ቃል ለማንኛውም ቤት መለያ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ጸጸት የሠሩትን ሥራ በስሙ ይጠራል፤ ከልክ አያልፍም፤ ተስፋ አለው፤ በንስሐም ያርፋል። የሕመም ጸጸት ግን ያልሠሩትን ይናዘዛል፤ ታናሹን ታላቅ ያደርጋል፤ ምሕረትን አይቀበልም፤ በተጽናና ቍጥር አዲስ ክስ ያመጣል። የመንፈስ ፈተና የለም አንልም፤ እርሱን መርምሮ መለየት የአባቶች ነው። ነገር ግን እንቅልፉንና ምግቡን ያጣ፥ ከወዳጆቹ የራቀ፥ ትምህርቱ የወደቀበት፥ ብቻውን የሚያወራ ልጅ በቤት ሲኖር፥ ሕመም ነው ብሎ መነሣት ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ሐኪሙም ልጅቱን መርምሮ፥ የደም ምርመራ አሳዝዞ፥ የአንገት ዕጢዋ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፥ ሕመሙ ከሳይኮሲስ ጋር የተባበረ ድብርት ነው አለ። ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለት መድኃኒት በአንድነት ይሰጣል፤ አንዱ ለድብርቱ፥ ሁለተኛው ለድምፁ ነው። ሐኪሙ ከዚህ ቀደም ከልክ ያለፈ ደስታ፥ የማያቋርጥ ንግግር፥ ያለ እንቅልፍ ብርታት ታይቶባት እንደ ሆነም እናትዋን በጥንቃቄ ጠየቃት፤ በወጣትነት የሚመጣ እንዲህ ያለ ድብርት አንዳንድ ጊዜ ወደዚያ የሚገለበጥ ሕመም መጀመሪያ ስለሚሆን፥ መድኃኒቱም በዚያ መጠን ስለሚለይ ነው። መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። የልጅቱም ድምፅ በመጀመሪያ ራቀ፥ ከዚያም ሳሳ፥ በኋላም ጠፋ።

በሦስተኛው ወር ግን ሌላ ፈተና መጣ፤ የልጅቱ የወር አበባ ቀረ። አክስትዋ ይህን በሰማች ጊዜ «ሕመም ብላ ያታለለችን ለዚህ ኖሮአል» አለች፤ ቤቱም ሊታወክ ጥቂት ቀረው። እናትዋ ግን ጠብ ሳታነሣ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች፤ እርሱም ምርመራ አድርጎ እርግዝና አለመኖሩን አረጋገጠ፤ ነገሩንም አስረዳት። ድምፅን ከሚያጠፉት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ወተት የሚያመነጨውን ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጉታል፤ በዚህ ጊዜ የወር አበባ ሊዘገይ ወይም ሊቀር፥ ከጡትም ወተት ሊወጣ ይችላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ለወጠላት፥ አበባዋም ተመለሰ። ይህን የምንጽፈው በስንት ቤት ንጹሕ ልጃገረድ በዚህ ምክንያት ልትነቀፍ እንደምትችል ስለምናስብ ነው። በአንዳንድ ልጃገረዶችም ምልክቱ የወር አበባቸው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀኖች ስለሚብስ፥ እናት ቀኑን በወረቀት ላይ ብትጽፍ ለሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ይሆነዋል።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ይናገራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 እ.ኤ.አ. በኤች አይ ቪ ለተያዙ ምእመናን ሲናገሩ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይቃረኑ አስተምረዋል። ስለዚህ ልጁን ወደ ጠበል የሚወስድ ወላጅ መድኃኒቱን በከረጢቱ ይዞ ይሂድ። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ የጠፋውን ድምፅ ይመልሳል፤ ልጅን በሰንሰለት ማሰር ደግሞ የተጨነቀውን አንጎል ይበልጥ ያስጨንቃል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ እንደ ሆነ፥ ወይም ልጁ ከስቶ እንደ ሆነ፥ ስለ ጾሙ የነፍስ አባትን መጠየቅ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምትራራ እናት ናትና።

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ድምፁ ልጁን «ሙት» ብሎ ባዘዘው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ነገን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ልጁ ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አይተው፤ መርዝ፥ ስለትና የተከማቸ መድኃኒት ከእጁ ይራቅ። መሞትን ያስብ እንደ ሆነ በርኅራኄ መጠየቅም ያላሰበውን አያሳስበውም፤ ይልቁንም የተዘጋውን አፍ ይከፍታል። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሮአል፤ ዛሬ ግን በየክልሉ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለ ተከፈተ፥ ቅርብ ወዳለው መድረስ ይቻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ በአገራችን ሲነገር የኖረው ለሥጋ ቍስል ብቻ አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ድል ካደረገ በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ። በዚያ ሰዓት ነቢዩን ማንም አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱም አልተመረመረም። ተኛ፤ መልአክም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በዚያ ምግብ ኀይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ከተጓዘ በኋላ፥ በኮሬብ ተራራ ላይ «በዚህ ምን ታደርጋለህ» ተብሎ የተጠየቀው ሥጋው ከበረታ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ኀዘን የከበደው ልጅ በቤታችሁ ቢኖር በቅድሚያ የመልአኩን ሥራ ሥሩ። አስተኙት፤ አብሉት፤ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ መድኃኒቱን በእጃችሁ ስጡት። ድምፁ እውነት ነው ብላችሁ አታጽድቁለት፤ ውሸትህን ነው ብላችሁም አታዋርዱት፤ «አንተ እንደምትሰማው እናምንሃለን፤ እኛ ግን አንሰማውም፤ ሕመም ነው፥ አብረንህ ነን» በሉት። ተግሣጽም ምክርም ጊዜ አላቸው፤ ልጁ በረትቶ በተነሣ ጊዜ ይደርሳሉ። የምሕረት አባት እግዚአብሔር ልጆቻችንን ከሚከስሳቸው ድምፅ አሳርፎ፥ የወላጆቻቸውን የፍቅር ድምፅ ያሰማቸው፤ አሜን።